ቶሎ ለሚቆጣ ቆዳ የትኛው የፀጉር ምርት ይሻላል? ከሻምፑ እስከ ቀለም

የአይኔ ቆብ ማበጥ ሲጀምር መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኩሌን ነበር። ኩሉን ጣልኩ፤ አልተሻለኝም። ማስካራውን ጣልኩ፣ የፊት ክሬሙን ጣልኩ፣ የትራስ ልብሴን በሌላ ሳሙና አጠብኩ። ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች ሴት እመስላለሁ። ከጆሮዬ ጀርባ ደግሞ ቆዳው እየተሰነጠቀ ቢጫ ውሃ ያወጣል። በመጨረሻ ያየችኝ የቆዳ ሐኪም አይኔን ለአፍታ ተመለከተችና "ፀጉርሽን ምን ትቀቢያለሽ?" አለችኝ። እኔ የመጣሁት ለአይኔ ነው።

ለካ የራስ ቆዳ ወፍራም ነው፣ ብዙ ይችላል። የአይን ቆብ ግን በሰውነታችን ላይ ካሉት ስስ ቆዳዎች አንዱ ነው። ፀጉራችን ላይ የምናደርገው ነገር በውሃ፣ በላብ፣ በትራስና በእጃችን ወደ ፊት ይወርዳል። ስለዚህ ራስ ምንም ሳይሆን የአይን ቆብ፣ ጆሮ፣ አንገትና ማጅራት ይቆጣሉ። ሰው ደግሞ ሽፍታው ያለበትን ቦታ እንጂ ከላይ ያለውን ፀጉር አይጠረጥርም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከመግዛቴ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ቆዳዬ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል? ሻምፑ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል። ፀጉር ላይ የሚረጭ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ይውላል፣ ሌሊቱን ያድራል። ብዙዎቻችን ሻምፑ ስንመርጥ እንጨነቃለን፤ ተቀብተነው የምናድረውን ነገር ግን ሽታው ስለጣመን ብቻ እንገዛለን። መጠንቀቅ ያለብን በተገላቢጦሽ ነው።

መቆጥቆጥ ነው ወይስ አለርጂ?

ምርት ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ለዩ። ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው።

አንደኛው መቆጥቆጥ ነው። ጠንካራ ነገር ቆዳውን ሲያደርቀውና ሲልጠው ይለበልባል፣ ያቃጥላል። ብዙ ጊዜ ወዲያው ወይም በሰዓታት ውስጥ ይታወቃል። መጠኑ ሲቀንስ፣ በደንብ ሲታጠብ፣ በሳምንት የሚታጠቡበት ቀን ሲቀንስ ይሻላል።

ሁለተኛው አለርጂ ነው። እዚህ ላይ ሰውነት አንዱን ንጥረ ነገር እንደ ጠላት መዝግቦታል። ማሳከኩና ማበጡ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። ቅዳሜ ፀጉር ቤት የሄደች ሴት ሰኞ ቢሮ ሆና አይኗ ማበጥ ሲጀምር ቅዳሜን አታስታውሰውም። እሁድ የበላችውን ታስታውሳለች። መጠን መቀነስም እዚህ ብዙ አይረዳም፤ ትንሹም ይበቃል። ሌላው ሰው የሚከብደው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ "አስር አመት የተጠቀምኩበት ነው፣ እሱ ሊሆን አይችልም" እንላለን። ይችላል። አለርጂ በመደጋገም ነው የሚፈጠረው። አንዴ ከተፈጠረ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል።

ጠርሙሱን ገልብጡት

ፊት ለፊት የተጻፈው ማስታወቂያ ነው። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው የሚጠቅመን። አይን የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና አጉልታችሁ አንብቡት። እኔ ሱቅ ውስጥ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ሻጮቹም ለምደውኛል።

"ሃይፖአለርጄኒክ" (አለርጂ እምብዛም አያስነሳም ለማለት ነው) የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያታልላል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ቃል ሕጋዊ ትርጉም የለውም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ1975 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቃሉን የሚጠቀም ኩባንያ በሙከራ እንዲያረጋግጥ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር። ሁለት የመዋቢያ ኩባንያዎች ከሰሱና በ1977 ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ስለዚህ ቃሉን ጠርሙስ ላይ ብታዩት አምራቹ ስለራሱ የሰጠው ምስክርነት ነው።

"ከፓራበን ነፃ" የሚለውም እንዲሁ። ይሄን ትንሽ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የተጎዳበት ነው። ሻምፑ ውሃ አለበት። ውሃ ያለበት ነገር ካልተጠበቀ ባክቴሪያና ሻጋታ ያፈራል። ስለዚህ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ኬሚካል የግድ ይገባበታል። ፓራበን ከእነዚህ ማቆያዎች አንዱ ነው፤ በአለርጂ በኩል ከሁሉም ሰላማዊ ከሚባሉት ውስጥ ነው። የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማህበር በየአመቱ "የአመቱ አለርጂ አስነሺ" ብሎ አንድ ነገር ይሰይማል። በ2019 ፓራበንን ሰየመና "የአመቱ አለርጂ የማያስነሳ" አለው። ሰው ፓራበንን እየሸሸ ወደባሰው ስለሄደ ነው።

የባሰው ማነው? ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ይባላል። ስሙ ረጅም ነው፤ መጨረሻው ላይ "ቲያዞሊኖን" የሚል ካለ እሱ ወይም ወንድሙ ነው። ይህ ማቆያ በመዋቢያ ውስጥ በብዛት መግባት ከጀመረ በኋላ በአውሮፓ የአለርጂ ሕመምተኞች ቁጥር ስላሻቀበ፣ ያው ማህበር በ2013 "የአመቱ አለርጂ አስነሺ" ብሎ ሰየመው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2017 ጀምሮ ተቀብቶ በሚቆይ ነገር ውስጥ ጨርሶ እንዳይገባ ከለከለ። ታጥቦ በሚወጣ ነገር ውስጥ ደግሞ ከሚሊዮን ክፍል 15 ብቻ ፈቀደ። አያችሁ፣ ሕጉ ራሱ የለየው በቆይታው ነው።

ሌሎቹ የምሸሻቸው ፎርማሊን ቀስ እያሉ የሚለቁ ማቆያዎች ናቸው። ዲኤምዲኤም ሃይዳንቶይን፣ ኳተርኒየም-15፣ ኢሚዳዞሊዲኒል ዩሪያ፣ ዲያዞሊዲኒል ዩሪያ። "ፎርማሊን" ብሎ የሚጽፍ ጠርሙስ አታገኙም። የሚጻፉት እነዚህ ናቸው።

ከማቆያዎቹ እኩል፣ እንዲያውም በበለጠ የሚያስቸግረው ደግሞ ሽቶ ነው። "ፓርፉም" ወይም "ፍራግራንስ" ተብሎ በአንድ ቃል ይጻፋል፤ ከቃሉ ጀርባ ግን በደርዘን የሚቆጠሩ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ሊናሎልና ሊሞኒን ተብለው የሚጻፉትም የሽቶ ዘመዶች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ያዙልኝ። "ፍራግራንስ ፍሪ" ማለት ሽቶ አልገባበትም ማለት ነው። "አንሰንትድ" ማለት ግን አይሸትም ማለት ብቻ ነው፤ የሌላውን ሽታ የሚያጠፋ ሽቶ ሊኖርበት ይችላል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ ሲመጣ ዕቃ የምታስልኩ ከሆነ የመጀመሪያውን ቃል ጽፋችሁ ላኩ። "ለስላሳ ሻምፑ አምጪልኝ" ካላችኋት የላቬንደር ሽታ ያለው ነገር ይዛላችሁ ትመጣለች። እሷ ምን ታድርግ።

ሻምፑ

ሱቅ ውስጥ ለምርጫ የሚቀርቡልን ከሞላ ጎደል አምስት ዓይነት ናቸው።

የተለመደው፣ ብዙ አረፋ የሚያወጣው። አረፋውን የሚያመጣው ሰልፌት ነው። ሰልፌት አለርጂ የሚያስነሳው እምብዛም ነው፤ ችግሩ መቆጥቆጥ ነው። ግን ሰልፌት ሁሉ አንድ አይደለም። ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ጠንካራው ነው፤ ተመራማሪዎች ቆዳን ሆን ብለው ማስቆጣት ሲፈልጉ የሚጠቀሙት እሱን ነው። ሶዲየም ላውሬት ሰልፌት ግን ለዘብ ያለ ነው። ላውሪል፣ ላውሬት፤ በጥቂት ፊደል ልዩነት ስትታለሉ እንዳትገኙ። በሳምንት አንዴ ለምትታጠብ ሴት ላውሬት ያለው፣ ሽቶ የሌለው ሻምፑ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሰልፌት ነፃ የሚባለው። ለደረቅ ቆዳና ለሚቆጠቁጠው ሰው አሪፍ ነው። ለአለርጂ ግን ዋስትና አይደለም። ሰልፌቱ ሲወጣ በቦታው ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን ይገባል፤ እሱ በ2004 "የአመቱ አለርጂ አስነሺ" የተባለው ነው። ወይም ዴሲል ግሉኮሳይድ ይገባል፤ እሱ ያለበት ቤተሰብ ደግሞ በ2017 ተሰይሟል። አብዛኛው ሰው ሁለቱንም ያለ ችግር ይጠቀማል። እናንተ ግን ሻምፑ በቀየራችሁ ቁጥር የአይናችሁ ቆብ የሚቆጣ ከሆነ፣ የቀየራችኋቸው ሁሉ ጀርባ ላይ ቤታይን እንዳለ ተመልከቱ። ስሙ የተለያየ፣ ሆዱ አንድ የሆነ ሻምፑ ስትገዙ ቆይታችሁ ሊሆን ይችላል።

የህፃን ሻምፑ። "ለህፃን ከሆነማ" ብለን የምንገዛው። አይን የማያቃጥል ተደርጎ የተሠራ ነው እንጂ አለርጂ የማያስነሳ ተደርጎ አይደለም። አብዛኛዎቹ ሽቶ አለባቸው፤ ያ የምንወደው የህፃን ሽታ ሽቶው ነው። ቤታይንም ብዙ ጊዜ አለባቸው። እኔ ይህን ዓይነቱን ለሚቆጠቁጠው ሰው እመክራለሁ፣ አለርጂ ላለበት ግን ጀርባው ሳይነበብ አልመክርም።

የፎረፎር ሻምፑ። የራስ ቆዳችሁ የሚያሳክከው በቅባታማ ቅርፊት ከሆነ ነገሩ አለርጂ ላይሆን ይችላል። ፎረፎር ሊሆን ይችላል። ፎረፎር የሚባባሰው ቆዳ ላይ በሚኖር ማላሴዚያ በሚባል ፈንገስ ነው። ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ያለው ሻምፑ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ ለብዙ ሰው መፍትሔ ነው። የምወደው መድኃኒት ነው። ግን እሱም ሽቶ ወይም ፎርማሊን የሚለቅ ማቆያ ያለበት አለ፤ ገልብጡት።

ለአለርጂ ተብሎ የተሠራው። ሽቶ የለም፣ ቀለም የለም፣ ፎርማሊን የሚለቅ የለም። በውጭ አገር ቫኒክሪም የሚባለውን የቆዳ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ይጠቅሱታል። አረፋው አነስተኛ ነው፤ ሽታ የለውም። መጀመሪያ "ታጥቤያለሁ ወይ?" ያሰኛል። ዋጋውም ኪስ ይጎዳል። አለርጂ እንዳለበት የተረጋገጠ ሰው ግን ገንዘቡን እዚህ ላይ ቢያወጣ ይሻለዋል፤ አምስት ዓይነት ሻምፑ ገዝቶ ከመጣል ይረክሳል።

ሳሙናስ? በደረቅ ሳሙና፣ በተለይ በልብስ ሳሙና ራስን መታጠብ አልደግፍም። በአሲድነት መለኪያው (ፒኤች ይባላል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይበዛል) ቆዳችን አምስት ገደማ ነው፤ ሳሙና ዘጠኝና አስር ይደርሳል። ቆዳውን ያደርቃል፣ ፀጉሩንም ያሻክራል።

ኮንዲሽነር ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ዋናው ሽቶውና ማቆያው ነው። ጫፍ ጫፉን ብቻ ቀቡት፤ ራስ ቆዳ ላይ ምንም ሥራ የለውም። ስትታጠቡ ጭንቅላታችሁን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉ፣ አረፋው በፊት አይውረድ። መጨረሻ ላይ ፊታችሁን፣ ጆሯችሁንና አንገታችሁን በንጹህ ውሃ ድገሙት። ይህን ብቻ አድርጎ ግማሽ ችግሩ የቀለለለት ሰው አውቃለሁ።

ተቀብቶ የሚውለውና የሚያድረው

እኔ የተጎዳሁት እዚህ ነው። ጠዋት ጠዋት የምረጨው፣ ከላይ "ተፈጥሯዊ" የሚል የተለጠፈበት ውሃ ነበር። ሐኪሟ ሁሉንም ለስድስት ሳምንት አስቆመችኝና አንድ ነገር ብቻ ፈቀደችልኝ፦ ቫዝሊን። ተከፋሁ። ቫዝሊን ለከንፈር እንጂ ለፀጉር አይመስለኝም ነበር።

በኋላ ነው ምክንያቱን የተረዳሁት። ሐኪሞች በየትኛው ነገር አለርጂ እንዳለብን ሲመረምሩ ጀርባችን ላይ የሚለጥፏቸውን ንጥረ ነገሮች በአብዛኛው የሚያቦኩት በቫዝሊን ነው። ራሱ አለርጂ የማያስነሳ ስለሆነ ነው የተመረጠው። ውሃ የለበትም፣ ስለዚህ ማቆያ አያስፈልገውም። አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ነው። ጠርሙሱ ላይ ግን ሽቶ አለመጨመሩን አረጋግጡ፤ ለህፃን ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሽቶ አለበት። ለጠርዝ፣ ለሹሩባ መስመር፣ ለደረቀ ጫፍ በአተር ፍሬ መጠን በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ይከብዳል፣ አቧራም ይይዛል።

ለጋ ቅቤን በተመለከተ ልቤ ሁለት ቦታ ነው። እናቴ በበዓል ዋዜማ አናቴ ላይ ቅቤ ስታኖርልኝ ፀሐይ ላይ እቀመጥ ነበር። ቀስ እያለ ይቀልጥና በጆሮዬ አጠገብ አድርጎ በማጅራቴ ይወርዳል። ያ ስሜት እስከዛሬ ይናፍቀኛል። ቅቤ ፀጉር ያለሰልሳል፣ ሽቶና ማቆያ የለውም። ግን ማላሴዚያ የተባለው ፈንገስ የሚመገበው የስብ አሲዶችን ነው፤ ቅቤ ደግሞ ስብ ነው። የኮኮናትና የወይራ ዘይትም እንዲሁ። ስለዚህ ፎረፎር ያለበት ሰው ራሱን በቅቤ ባራሰ ቁጥር ማሳከኩ ሊብስበት ይችላል። ቫዝሊን እነዚያ የስብ አሲዶች የሉበትም። የእኔ ምክር፦ ፎረፎር ከሌለባችሁ፣ ከምታምኗት ሴት የተገዛ፣ ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ቅቤ ፀጉሩን ብቻ ቀብታችሁ በሰዓታት ውስጥ ታጠቡት። ፎረፎር ካለባችሁ ለጊዜው ተዉት። የወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ላይ ደግሞ አታድርጉት።

ንጹህ የጉሎ ዘይት ከተቀቢዎቹ መካከል ጥሩ ከሚባሉት ነው፤ ወፍራም ስለሆነ በጣት ጫፍ ይበቃል። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ግን ለሚቆጣ ቆዳ ደፍሬ አልመክርም፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የቆዳ አለርጂ ማስነሳቱ በሕክምና የታወቀ ነው። የላቬንደር፣ የሚንትና የቲ ትሪ ዘይትም ከዚሁ ወገን ናቸው። ጠርሙሳቸው ተከፍቶ አየር ሲያገኛቸውና ሲያረጁ ይብስባቸዋል።

የሽንኩርት ጭማቂ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል ራስ ላይ ማሸት ይለበልባል። "መሥራቱን የማውቀው ሲያቃጥለኝ ነው" ሲባል እሰማለሁ፤ ማቃጠሉ ቆዳው መጎዳቱን ነው የሚያሳየው። የጥብስ ቅጠል ውሃ አሁን ብዙ ሰው እያፈላ ይረጫል። ማቆያ ስለሌለው ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከጥቂት ቀን በላይ አታቆዩት። እሬት የምትቀቡ ከሆነ ቅጠሉን ቆርጣችሁ አቁሙትና ቢጫው ፈሳሽ ይንጠባጠብ። የሚያሳክከው ያ ቢጫው ነው፤ ነጩን ልብ ብቻ ውሰዱ። ፍሪዝ ለመያዝ ተልባ አፍልቶ ልስላሴውን መቀባት ከብዙ ጄል ይሻላል፤ እሱም ቶሎ ይበላሻል።

ከአረብ አገር እህቶቻችን በስጦታ የሚያመጡልን የፀጉር ሽቶ አለ። ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ሽቶውን ነጠላችሁ ላይ አድርጉት።

ቀለም

እዚህ ላይ ልመናዬ ጠንከር ያለ ነው። ሻምፑ ላይ ብትሳሳቱ ታሳክካላችሁ። ቀለም ላይ ብትሳሳቱ ፊታችሁ አብጦ አይናችሁ ሊደፈን ይችላል።

ሽበት የሚሸፍኑት ቋሚ ቀለሞች አብዛኛዎቹ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለባቸው። ፓራ-ፌኒሊንዲያሚን ነው ሙሉ ስሙ። በአውሮፓ ፀጉር ላይ በሚውለው ቅልቅል ውስጥ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ቀለሙ በጠቆረ ቁጥር መጠኑ ይጨምራል፤ እኛ ደግሞ የምንቀባው ጥቁር ነው። ይህ ለወንዶችም ነው፤ ጺም ማጥቆሪያውም አንድ ነው።

"አሞኒያ የለውም" የሚለውን እንደ መድኅን የሚቆጥሩ አሉ። አሞኒያ የሚሸተውና አፍንጫ የሚወጋው ነው። ቢወጣም ፒፒዲው አለ። "ፒፒዲ የለውም" የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ በቦታው ቶሉይን-2፣5-ዲያሚን ያስገባል። ፒፒዲ የሚያስቆጣው ሰው ብዙ ጊዜ እሱም ያስቆጣዋል። በኬሚካል ዘመዳሞች ናቸው።

ሂናስ? ንጹህ ሂና ላይ አለርጂ መነሳቱ ብርቅ ነው። ስለዚህ ከሁሉ እሱን አስቀድማለሁ። ግን ንጹሕ መሆን አለበት። ንጹህ ሂና አረንጓዴ ዱቄት ነው፣ የደረቀ ሣር ይሸታል። ፀጉር ላይ ሰዓታት ይፈልጋል፣ የሚሰጠውም ቀለም ቀይ ወይም ብርቱካናማ ነው። ሂና ጥቁር አይደለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያጠቁር "ጥቁር ሂና" ከተባላችሁ ውስጡ ፒፒዲ እንዳለ ጠርጥሩ፤ አንዳንዴም ሳጥን ውስጥ ካለው ቀለም በላይ ይበዛበታል። ለሠርግ እጅና እግር ላይ በሚደረገው ጌጥም ይህ አለ። ልጅ ላይ አታድርጉ። በልጅነት በእጇ ላይ አለርጂ የያዘች ልጅ ከሃያ አመት በኋላ ፀጉሯን ስትቀባ ነው መዘዙ የሚመጣባት።

ጥቁር ለሚፈልግ ሰው ሂና ቀብቶ፣ ቀጥሎ ንጹህ ኢንዲጎ ቅጠል መደረብ ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሽበትን መተውም ምርጫ ነው፤ በሽበታቸው የሚያምሩ እናቶች አሉን።

ቀለም ቀብታችሁ ከዚህ በፊት ጆሯችሁ አካባቢ ካሳከካችሁ፣ ግንባራችሁ ካበጠ፣ "ያኔ ብዙ ስላቆየሁት ነው" ብላችሁ አትድገሙት። ቀጣዩ ይብሳል። ቤት ውስጥ ለመሞከርም አትቀቡት። ለጥርስና ለቁስል ማደንዘዣ ተብሎ የሚቀባው ቤንዞኬይንም አንዳንዴ አብሮ ያስቆጣልና ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ስለማለስለሻና ስለተቀጣይ ፀጉር ባጭሩ

ሪላክሰር አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ ጥንካሬው የቆዳን የመቋቋም አቅም ያልፋል። "ኖ-ላይ" (no-lye፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሌለው) የሚለው ትንሽ ይለዝባል እንጂ ያው ነው። ቆዳው ለሚቆጣ ሰው ሁለቱንም አልመርጥም። የሚቀባ ከሆነም ራሱን ቀድሞ ባላከከ፣ ባልቆሰለ ቀን ይሁን። ኬራቲን ተብሎ በመተኮሻ የሚታሸገው ብዙ ጊዜ ፎርማሊን አለው ወይም ሲሞቅ ይለቃል። ጭሱ አይን የሚያስለቅሰው ለዚህ ነው። ይህን ጨርሶ ተዉት።

ሹሩባ የምትሠሩበትን አርቴፊሻል ፀጉር ቀድማችሁ ሞቅ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ እጠቡትና አድርቁት። ዊግ የምታደርጉ ሙጫውን ትታችሁ በማበጠሪያ ወይም በላስቲክ የሚያዘውን ምረጡ። ሹሩባው ስለጠበቀ ያሳከከ ራስ አለርጂ አይደለም፤ ፍቱትና እዩት።

እንዴት እንሞክረው?

ተቀብቶ የሚቆይ አዲስ ነገር ስትገዙ ክርናችሁ መታጠፊያ ላይ፣ በሳንቲም ስፋት፣ ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ቀቡት። በአንድ ቀን አትፍረዱ፤ አለርጂ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሻምፑን ግን እንዲህ ቆዳ ላይ አታቆዩት፤ ሳይቀጥን ከቆየ ጤነኛ ቆዳም ያስቆጣል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሦስቱን አብራችሁ ከቀየራችሁ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ፀጉር ቤት ስትሄዱ ሻምፑና ኮንዲሽነራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ስሙ ከሌለው ከትልቁ ጀሪካን የሚቀዳውን አይሆንም በሉ። "ሽቶ ያለው ነገር አይስማማኝም፣ የመጨረሻውን ስፕሬይ ተዪልኝ" ማለት ነውር አይደለም። እኔ ካስክ ከመግባቴ በፊት ነው የምናገረው፤ ሙቀቱ ውስጥ ከገባን በኋላ ይረሳል። እግረ መንገዳችሁን የምታጥባችሁን ልጅ እጅ እዩ። ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው ከሆነ በሥራዋ ምክንያት ነው፤ ፀጉር ሠሪዎች በእጅ ቆዳ ሕመም በብዛት ከሚጠቁ ሠራተኞች ውስጥ ናቸው። ናይትራይል ጓንት እንድታደርግ ንገሯት፤ ቀለም ስትቀባ ስሱ የላቴክስ ጓንት አያስጥላትም።

ፊት ካበጠ፣ ከንፈር ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ወደ ድንገተኛ ሂዱ፤ ነገ ይሻለኛል አትበሉ። ከፋርማሲ ጠንካራ የስቴሮይድ ክሬም ገዝታችሁ የአይን ቆብ ላይ አትቀቡ፤ ቆዳውን ያሳሳል፣ ለአይንም ያሰጋል። ሁሉን አቁማችሁ ስድስት ሳምንት ሆኖ ካልተሻላችሁ የቆዳ ሐኪም ያስፈልጋችኋል። አዲስ አበባ ላላችሁ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ይታወቃል።

የመለጠፍ ምርመራው በሚሰጥበት ቦታ ከታዘዘላችሁ ጀርባችሁ ላይ የሚለጠፈው ለ48 ሰዓት ይቆያል። በእነዚያ ቀናት ጀርባን ማርጠብና ላብ የሚያመጣ ሥራ አይፈቀድም። ሐኪሙ ካነሳው በኋላ ከቀናት ቆይታ ደግሞ ያየዋል፤ ሁለተኛውን ቀጠሮ አታስቀሩት፣ ዘግይቶ የሚወጣው የሚታየው ያኔ ነው።

ስትሄዱ መታጠቢያ ቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሻምፑውን፣ ቅባቱን፣ የቀለሙን ካርቶን። አልጋ የምትጋሩት ሰው ፀጉሩን የሚቀባውንም ጨምሩበት፤ ትራስ ላይ የሚቀረው የእሱም ነው።